በበጋ ወራት የሚገባው ክረምት፦ የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪና የከተማዋ መስተዳድር

የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅቶች ሲከፍሉ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ክረምት፣ ከዚያ ቀጥሎ እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለውን ሐጋይ ወይም በጋ፣ የቀረውን ደግሞ ጸደይ ብለው ሰይመውታል። በዋሽንግተን ዲሲ ቅዝቃዜው የሚበረታበትና በረዶ የሚወርድበት ጊዜ በዚህ አከፋፈል ሲሰፈር ከሞላ ጎደል በጋው ላይ ያርፋል፤ አገር ቤት እህል አውድማ ላይ በሚወቃበትና የጥር ሠርግ በሚደገስበት ወራት የዋሽንግተን ነዋሪ አካፋና ጨው ያዘጋጃል። ስለዚህ የከተማዋ መስተዳድር በአማርኛ በሚያወጣው ማስታወቂያ ላይ «ክረምት» የሚል ቃል ሲገኝ፣ በቅርቡ ከኢትዮጵያ የመጣ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ዝናብን፣ ጭቃንና የተማሪዎችን ዕረፍት ሊሆን ይችላል። «በረዶ» የሚለው ቃልም ሦስት ነገሮችን ባንድነት ይጠራል፤ ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር መሰል በረዶ፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ ቀስ እያለ የሚወርደውን፣ እንዲሁም መሬት ላይ ረግቶ እንደ መስታወት የሚያንሸራትተውን። ባዘቶ የመሰለው በአካፋ ይዛቃል፤ መስታወት የመሰለው ግን ጨው ካልተነሰነሰበት በቀር በቀላሉ አይለቅም። በመሆኑም ማስታወቂያውን የሚተረጉም ሰው ስለ የትኛው በረዶ እንደሚናገር ለይቶ ማስቀመጥ ይገባዋል።

ይህ የቋንቋ ጉዳይ በዋሽንግተን የአስተዳደር ጉዳይም ነው። የከተማዋ ምክር ቤት በ2004 (በዚህ ጽሑፍ ከወቅቶቹ ክፍፍል በቀር ዓመታትና ቀናት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይነበባሉ) የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የተባለውን አዋጅ አጽድቋል። በዚህ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወይም በሚገባ ለማይናገር ሰው አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው፤ አንድ የቋንቋ ማኅበረሰብ ከሚገለገለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰውን ቁጥር ሲያሟላ ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ሰነዶች በቋንቋው ተተርጉመው መገኘት ይኖርባቸዋል። አማርኛ ይህን መስፈርት ካሟሉት ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆኖም ብዙው አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪ የከተማዋን የክረምት ደንብ የሚያውቀው በቅጣቱ በኩል ሲሆን፣ በዚያው ደንብ ውስጥ ለእርሱ የተጻፈለትን መብት ግን እምብዛም አያውቀውም። መኪናው ተጎትቶ የተወሰደበት ሰው ሕጉን በአንድ ቀን ይማራል፤ ቤቱ እየበረደው የሚያድር ተከራይ ግን ሕጉ ከእርሱ ጋር እንደቆመ ሳያውቅ ወቅቱ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ሚዛን መስተካከል አለበት።

የዋሽንግተን በረዶ በመጠኑ ብዙ አይደለም፤ ችግሩ አለመጨበጡ ነው። ከ1991 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት በከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ የተመዘገበው ዓመታዊ አማካይ 13.7 ኢንች፣ ማለትም ወደ 35 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ነው። ነገር ግን ከ2009 መጨረሻ እስከ 2010 መጀመሪያ በዘለቀው አንድ ክረምት ብቻ 56.1 ኢንች ወይም 142 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዷል፤ በሌላ ዓመት ደግሞ ለአካፋ የሚበቃ በረዶ ሳይታይ ወቅቱ ያልቃል። በየዓመቱ ብዙ በረዶ የሚወርድባቸው የሰሜን ከተሞች ወጪውን አስቀድመው ያውቁታልና ለጠራጊ መኪናና ለሠራተኛ የሚበቃ በጀት ይይዛሉ፤ ዋሽንግተን ግን ሊመጣም ላይመጣም ለሚችል እንግዳ ድግስ እንደሚደግስ ቤተሰብ ናት። ሥራውን በዋናነት የሚመሩት የሕዝብ ሥራዎች መምሪያና የትራንስፖርት መምሪያ ሲሆኑ፣ ወጀቡ ከመግባቱ በፊት የአየሩ ሁኔታ በሚፈቅድበት ጊዜ መንገዶቹ ላይ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ይረጫሉ። ጨው ውሃ የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርገው በረዶው ከአስፋልቱ ጋር እንዳይጣበቅ ይከላከላል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲወርድ ግን ኃይሉ በእጅጉ ይደክማል። በረዶው መውረድ ከጀመረ በኋላ በቅድሚያ የሚጠረጉት አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ መኪናና አውቶቡስ የሚመላለሱባቸው ዋና ዋና ጎዳናዎች ናቸው፤ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ተራቸው ዘግይቶ ይደርሳል። ሰፈሩ ገና ያልተጠረገበት ሰው ተረሳሁ ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም፤ ቅደም ተከተሉ ግን የሰፈር አድልዎ ሳይሆን ሕይወት የማዳን ስሌት ነው።

ከተማዋ በበረዶ ምክንያት ከፍተኛ ጥፋት ያየችው በ1922 ነበር። በዚያ ዓመት ጥር 27 እና 28 የወረደው በረዶ 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሳንቲ ሜትር ያህል የደረሰ ሲሆን፣ በሁለተኛው ቀን ምሽት 18ኛው ጎዳና ከኮሎምቢያ መንገድ በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የነበረው ኒከርቦከር የተባለ ሲኒማ ቤት ጠፍጣፋ ጣሪያው የተከመረበትን በረዶ መሸከም አቅቶት በተመልካቾቹ ላይ ተደረመሰ። 98 ሰዎች ሞቱ፤ 133 ቆሰሉ። ወጀቡም እስከ ዛሬ ድረስ በሲኒማ ቤቱ ስም ይጠራል። አዳምስ ሞርጋን የሚባለው ይህ ሰፈር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ምግብ ቤት ከከፈቱባቸው የመጀመሪያ የከተማዋ አካባቢዎች አንዱ ሆኗል፤ በ18ኛው ጎዳና እንጀራ የበላ ብዙ ሰው በዚያ ማዕዘን ላይ ምን እንደደረሰ ሳያውቅ አልፎት ሄዷል። ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው ምግብ ቤት፣ አዳራሽ ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድር ማኅበር ሁሉ ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል፤ ርጥብ በረዶ ከደረቁ ይልቅ በብዙ እጥፍ ይከብዳልና።

በረዶ የሹማምንትንም ዕድል ይወስናል። በቺካጎ በጥር 1979 የወረደው ከባድ በረዶ በወቅቱ ሳይጠረግ በመቅረቱ ከንቲባ ማይክል ቢላንዲክ በቀጣዩ ወር በተካሄደው የፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ በጄን በርን ተሸንፈዋል። የዋሽንግተኑ ከንቲባ ማሪዮን ባሪም በጥር 1987 ከተማዋ በበረዶ ተውጣ ሳለ ለአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ጨዋታ ካሊፎርኒያ ስለነበሩ ብርቱ ወቀሳ ደርሶባቸዋል። የአሜሪካ ከተማ ነዋሪ የመስተዳድሩን ብቃት ከሚመዝንባቸው ነገሮች አንዱ ደጁ ላይ ያለው በረዶ በስንት ሰዓት ተነሣ የሚለው ነው።

ነዋሪውም በበኩሉ የተወሰነለት ሥራ አለው። ከተማዋ የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ ስታውጅ፣ የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ መስመር የሚል ምልክት በተተከለባቸው ጎዳናዎች ላይ መኪና ማቆም ይከለከላል፤ በዚያ የተገኘ መኪና 250 ዶላር የሚቀጣ ሲሆን፣ የመጎተቻና የማሳደሪያ ክፍያ ይጨመርበታል። በታክሲና በምግብ ማድረስ ሥራ ለሚተዳደሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መኪና የዕለት እንጀራ ስለሆነ፣ ምልክቱ ያለበትን ጎዳና በደረቁ ወራት ለይቶ ማወቅ ከብዙ ጣጣ ያድናል። የእግረኛ መንገድን በተመለከተ ደግሞ በ2014 የወጣው የክረምት የእግረኛ መንገድ ደኅንነት ሕግ የቤትም ሆነ የንግድ ቦታ ባለቤት ከግቢው ጋር የሚዋሰነውን መንገድ በረዶው መውረዱን ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ እንዲጠርግ ያዛል። ሌሊት ያቆመ በረዶ ስምንት ሰዓቱ የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው። ቅጣቱ ለመኖሪያ ቤት 25 ዶላር፣ ለንግድ ቤት 150 ዶላር ሲሆን፣ በራሳቸው ቤት የሚኖሩ ዕድሜያቸው 65 የሞላ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ከቅጣቱ ነፃ ናቸው። ይህ ደንብ የዲስትሪክቱ፣ ማለትም የዋሽንግተን ዲሲ፣ ብቻ መሆኑም መታወስ አለበት፤ ሲልቨር ስፕሪንግን በሚያጠቃልለው በሜሪላንዱ ሞንጎምሪ ካውንቲ የሚሰጠው ጊዜ 24 ሰዓት ነው፤ የቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

የ25 ዶላር ቅጣት ቀላል ቢመስልም ከበስተጀርባው ያለው ምክንያት ከባድ ነው። ሕጉ የሚፈልገው ተሽከርካሪ ወንበርና የሕፃን ጋሪ የሚያሳልፍ መንገድ ነው፤ በአካፋ አንድ ዙር ብቻ ተዝቆ የሚቀር ቀጭን መስመር ለእግረኛ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለመንኮራኩር አይበቃም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የመንገድ ማዕዘን ነው። በማዕዘኑ ላይ የእግረኛው መንገድ ወደ አስፋልቱ ዝቅ የሚልበት ተዳፋት አለ፤ ጠራጊው መኪና ከጎዳናው ላይ የገፋው በረዶ የሚከመረው ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው። ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ሃያ ሜትር በጥንቃቄ ያጸዳ ሰው ማዕዘኑን ትቶት ከገባ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ሴት ያንን ሃያ ሜትር በሰላም አልፋ ከክምሩ ስትደርስ ትቆማለች፤ ወይ ወደ መጣችበት ትመለሳለች፣ ወይ መኪና ወደሚያልፍበት መንገድ ትወርዳለች። በማግሥቱ ክምሩ ቀን ሟሙቶ ሌሊት ስለሚረጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ አካፋ አይበግረውም። ስለዚህ ማዕዘኑን በመጀመሪያው ቀን መክፈት፣ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃውንና የጎርፍ መውረጃውንም ከበረዶ ማላቀቅ የሥራው ዋና ክፍል ነው። ከተማዋ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች በረዶ የሚጠርጉ በጎ ፈቃደኞችን ትመዘግባለች። እድር ያለው ማኅበረሰብ ይህን ሥራ ለመቀበል የተዘጋጀ ነው፤ ለቀብርና ለሐዘን በስልክ ሰንሰለት በሰዓታት ውስጥ የሚሰባሰብ ጉልበት፣ ለብቻቸው የሚኖሩ እናቶችንና አባቶችን ደጃፍ ለማጽዳት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ከደጃፉ ወደ ውስጥ ሲገባ ሕጉ ወደ ተከራዩ ያዘነብላል። በዲስትሪክቱ የቤቶች ደንብ መሠረት ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው አከራዩ በሆነበት ቤት የውስጡ ሙቀት ከጠዋቱ 12፡30 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 20 ሴንቲ ግሬድ፣ በቀረው የሌሊት ክፍል ደግሞ ቢያንስ 65 ፋራናይት ወይም 18 ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ሲወርድ ተከራዩ ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ካልተስተካከለም በከተማዋ የአገልግሎት ስልክ 311 ደውሎ የሕንፃዎች መምሪያ ተቆጣጣሪ እንዲላክለት መጠየቅ ይችላል። በርካሽ የሚገዛ ቴርሞሜትር እዚህ ላይ ትልቅ ምስክር ነው፤ «ቤቱ ይበርዳል» ከሚለው አቤቱታ ይልቅ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት የሙቀት መዝገብ ሚዛን ይደፋል። የጋዝና የመብራት ሒሳብ ያጠረው ቤተሰብም በ1981 የተቋቋመው የፌዴራል መንግሥት የኃይል ወጪ ድጎማ አለለት፤ በዲስትሪክቱ የሚያስተዳድረው የኢነርጂና አካባቢ መምሪያ ነው። ከዚህም ሌላ በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት የአየሩ ሙቀት ወደ 32 ፋራናይት፣ ማለትም ውሃ ወደሚረጋበት ዜሮ ሴንቲ ግሬድ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል ተብሎ ሲተነበይ፣ ኩባንያዎቹ ባልተከፈለ ሒሳብ ምክንያት የመኖሪያ ቤት ጋዝም ሆነ መብራት እንዳይቆርጡ ተከልክለዋል።

ስለ ሙቀት ሲነሣ የከሰል ጉዳይ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። አገር ቤት ከሰል የሚቀጣጠለው ብዙ ጊዜ ነፋስ በሚያስገባ ቤት፣ በበረንዳ ወይም በጓሮ ነው። የዋሽንግተን አፓርታማ ግን ብርዱን ለመከላከል ሲባል መስኮቱና በሩ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ለቡና የተቀጣጠለ አንድ ምድጃ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ መውጫ ያጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የዕጣኑ መዓዛ ቤቱን ሲሞላው ጋዙ አብሮ እንደሞላ የሚናገር ምልክት አይኖርም። መጀመሪያ ራስን ያማል፣ ቀጥሎ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያም እንቅልፍ የሚመስል ድካም ይመጣል፤ የተኛው ሰው ላይነቃ ይችላል። የምግብ ማብሰያውን የጋዝ ምድጃ ከፍቶ ቤት ማሞቅም በተመሳሳይ ምክንያት አደገኛ ነው። ጋዙን የሚያነብ ደወል በየቤቱ መኖሩን ማረጋገጥና ቡናውን በኤሌክትሪክ ማፍላት የቡናውን ክብር አይቀንሰውም።

መጠለያ የሌለውን ሰው በተመለከተ ዲስትሪክቱ ከብዙ የአሜሪካ ከተሞች የተለየ ሕግ አለው። በ2005 በወጣው የቤት አልባዎች አገልግሎት ማሻሻያ ሕግ መሠረት በብርቱ ቅዝቃዜ ወቅት መጠለያ ማግኘት የሕግ መብት ነው፤ ከተማዋም ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ የነፋሱ ብርድ ታክሎበት 32 ፋራናይትና ከዚያ በታች እንደሚሆን ሲተነበይ የሃይፖተርሚያ ማስጠንቀቂያ ታውጃለች። ሃይፖተርሚያ ማለት የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ሴንቲ ግሬድ በታች መውረድ ሲሆን፣ ሰውየው መንቀጥቀጥ ማቆሙና ንግግሩ መጎተቱ የከፋው ደረጃ ላይ መድረሱን ያመለክታል። እንዲህ ያለ ሰው በመንገድ ያየ ነዋሪ ወደ 911 መደወል ይገባዋል፤ የሚንቀጠቀጠውንና መጠለያ የሚሻውን ደግሞ በ311 አሳውቆ ተሽከርካሪ እንዲላክለት ማድረግ ይቻላል። ቀን ቀን ቤተ መጻሕፍትና የመዝናኛ ማዕከላት ለሁሉም ክፍት ሞቃት ቦታዎች ናቸው።

የዋሽንግተን ክረምት የበዓል ወቅትም ነው። ገና ብዙ ጊዜ ጥር 7፣ ጥምቀት ጥር 19፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያም መጋቢት 2 ላይ ይውላሉ። በጥር ሦስተኛ ሰኞ የሚከበረው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን በ1994 በወጣ ሕግ የብሔራዊ በጎ አገልግሎት ቀን ተደርጎ ስለተሰየመ፣ ቤተሰቦች ምግብ ሲያድሉና ትምህርት ቤት ሲያጸዱ የሚውሉበት ሆኗል። የበረዶ ዕለት የልጆች በዓል ነው፤ ይሁንና የኮንግረስ መቀመጫ በሆነው በካፒቶል ኮረብታ ቁልቁለት ላይ በበረዶ መንሸራተት ከመስከረም 2001ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ ለዓመታት ተከልክሎ ነበር። በመጋቢት 2015 ወላጆች ልጆቻቸውንና መንሸራተቻዎቻቸውን ይዘው ክልከላውን በመቃወም ወጡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮንግረስ ካጸደቀው በጀት ጋር የተሰጠው መመሪያ የካፒቶል ፖሊስ ተንሸራታቾችን እንዲተዋቸው አሳሰበ። ጉዳዩ ትንሽ ነው፤ ይሁንና በኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የሌላት ከተማ ነዋሪ በአንድነት ሲናገር እንደሚሰማ አሳይቷል።

ነዋሪው በየሰፈሩ የሚናገርበት መድረክም በሕግ የቆመ ነው። ዲስትሪክቱ ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር የፈቀደው የ1973 ሕግ አማካሪ የሰፈር ኮሚሽን የሚባለውን አካል ያቋቋመ ሲሆን፣ ከተማዋ ወደ 2,000 ያህል ነዋሪ በሚይዙ 345 ንዑስ የምርጫ ክልሎች ተከፋፍላ እያንዳንዱ ክልል አንድ ኮሚሽነር በየሁለት ዓመቱ ይመርጣል። ኮሚሽነሩ ደመወዝ የለውም። ኮሚሽኑ በስፋቱ ከቀበሌ ጋር ቢነጻጸርም በሥልጣኑ ይለያል፤ መታወቂያ አይሰጥም፣ አያዝም፤ ስለ መንገድ፣ ስለ መጠጥ ፈቃድ፣ ለበዓል መንገድ ስለ መዝጋትና ስለ መሳሰሉት በጽሑፍ አስተያየት ያቀርባል። መሥሪያ ቤቶቹ ለዚያ አስተያየት ሕጉ «ታላቅ ክብደት» የሚለውን ዋጋ መስጠት፣ ካልተቀበሉትም ምክንያታቸውን በጽሑፍ መግለጽ አለባቸው። ነዋሪዎች ከምክር ቤቱ 13 አባላት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙበት ጊዜም ይኸው ክረምት ነው። የከተማዋ የበጀት ዓመት ጥቅምት 1 ይጀምራል፤ ከንቲባው ረቂቅ በጀቱን በጸደይ ለምክር ቤቱ ከማቅረባቸው በፊት፣ በተለይ በየካቲት፣ የምክር ቤቱ ኮሚቴዎች የየመሥሪያ ቤቱን የዓመት ሥራ አፈጻጸም በይፋ ይገመግማሉ፤ ማንኛውም ነዋሪ ተመዝግቦ፣ ብዙ ጊዜ ለሦስት ደቂቃ፣ ቃሉን ይሰጣል። ያልተጠረገ ማዕዘን፣ ያልሞቀ አፓርታማ፣ ያልተተረጎመ ማስታወቂያ መነገር ያለበት እዚያ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ጠራጊ መኪናና ስንት ተቆጣጣሪ እንደሚኖር የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነውና።

ሦስቱን ደቂቃ በእንግሊዝኛ መናገር ግዴታ አይደለም፤ አስቀድሞ ለሚጠይቅ ተናጋሪ አስተርጓሚ ይመደብለታል። የየሰፈሩ ኮሚሽን ስብሰባም በአብዛኛው በወር አንድ ጊዜ በምሽት የሚደረግና ለሁሉም ክፍት ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ መቼና የት እንደሆነ ለማወቅ ወደ 311 ደውሎ «አማርኛ» ማለት ይበቃል።